በዘበኛዎ ትከሻ ላይ ስላለው ምንሽር

ጥር 20 ቀን 1994 ዓ.ም.

ለተከበሩ አቶ ያረጋል
የወረዳችን የጦር መሣሪያ ምዝገባ ኃላፊ
በቢሮዎ ካሉ በቢሮዎ፣ ስብሰባ ላይ ከሆኑም በስብሰባዎ

አሰላሙ ዐለይኩም። እንደምን ሰንብተዋል? ጤናዎ እንዴት ነው? ቤተሰብዎስ? ከብት ካለዎት ከብትዎ፣ ከሌለዎትም በእርስዎ ሥር የምንተዳደረው እኛ እንደምን ነን? እኔ አልሐምዱሊላህ ደህና ነኝ። ጉልበቴ ብቻ ከኅዳር ወዲህ የቢሮዎን ደረጃ ሲወጣና ሲወርድ ትንሽ ደክሟል። ለእርስዎ ረጅም ዕድሜ እንዲሰጥዎ አላህን እለምናለሁ፤ ለእኔም እንዲሁ፤ ምክንያቱም የሰጡኝን ቀጠሮ ሁሉ ለመጨረስ ለሁለታችንም ብዙ ዕድሜ ያስፈልገናል።

ሽፋ በረጋ እባላለሁ። የምኖረው ከእንሴኖ በላይ፣ ከወፍጮ ቤቱ አልፎ ባለው መንደር ነው። ፊደል አልቆጠርኩም፤ ጣልያን ሲወጣ በሬ እነዳ ነበር፣ ትምህርት ቤት የመጣው እኔ ከሸበትኩ በኋላ ነው። ይህን ደብዳቤ የምናገረው እኔ ስሆን የሚጽፈው ቡታጅራ ፍርድ ቤት በር ላይ ጥላ ዘርግቶ ለባለጉዳይ ማመልከቻ የሚጽፈው ጡረተኛው መምህር ዮሴፍ ነው። መምህር ዮሴፍ ጴንጤ ነው፣ ሐሰት አይጽፍም፤ እኔም ሐሰት አልናገርም፤ ስለዚህ ሥራችን ቀላል ነው። አንዳንድ ቦታ ሲደርስ ብዕሩን አንስቶ «ሽፋ፣ ይህችን ትንሽ እናለስልሳት» ይለኛል። ለስልሶ የሚያገኙት የእሱ ነው፣ የቀረው የእኔ ነው።

ደብዳቤውን በአደባባይ ያደረግኩት እርስዎን ለማሳፈር እንዳይመስልዎ። ሦስት የታሸጉ ማመልከቻዎች ወደ ቢሮዎ ገብተው እስከ ዛሬ አልወጡም። የታሸገ ነገር እዚያ ቤት እንደማይከፈት ስለገባኝ ይኸኛውን ሳላሽግ ወፍጮ ቤቱ በር ላይ አስለጥፌዋለሁ፤ እህል ሊያስፈጭ የመጣ ሁሉ ወረፋው እስኪደርሰው ያነበዋል፣ ማንበብ የማይችለውም ያስነብበዋል። እርስዎም ጊዜ ካገኙ ብዬ ነው።

ያላወቀ እንዲያውቅ ነገሩን ከሥሩ ልጀምር።

በቤቴ ግድግዳ ላይ አሥራ አንድ አሮጌ ጠመንጃ ተሰቅሎ ነበር። ሰባቱን ወድጄ የሰበሰብኳቸው ናቸው። አንዱ ሰው በቅሎ ይወዳል፣ ሌላው ሚስት ላይ ሚስት ይጨምራል፣ እኔ አሮጌ ጠመንጃ ወደድኩ። ለበን የምትባለውን ጠመንጃ ያመጣኋት ከቆሼ ነው፤ ባለቤቷ ለማረሻ ሊያስቀጠቅጣት ወደ ቀጥቃጭ ቤት ተሸክሟት ሲሄድ መንገድ ላይ ያዝኩትና በአንዲት ጊደር ለወጥኩት። ጓንዴዋን ያገኘኋት ቡኢ፣ አንዲት ሴት አፈሙዟን አስቆርጣ እሳት ታናፋባት ከነበረበት ምድጃ ዳር ነው። ሴትዮዋም «በጣልያን ጊዜ ቤት ስታቃጥል ኖራለች፣ አሁን ደግሞ ወጥ ታብስልልኝ ብዬ ነው» አለችኝ፤ ማናፊያ ገዝቼላት ሰጠችኝ። የእነዚህ ሁሉ ጥይት ከጃንሆይ ዘመን ጀምሮ በገበያ የለም። በሰማንያ ሦስት ዓመተ ምሕረት ወታደሩ ተበትኖ በዚህ መንገድ ሲያልፍ ክላሽ በአንድ ምሳ ይለወጥ እንደነበር እርስዎም ሳይሰሙ አልቀሩም። እኔ ስንቱን ወታደር ቆጮ አብልቼ ከነክላሹ ሸኘሁት። ክላሽ ገና የሚገድል ነው፣ ቤቴ አይገባም፤ እኔ የምሰበስበው መግደል የጨረሰውን ነው።

አራቱ ግን የእኔ አይደሉም፣ የማንም አይደሉም። የደም ብረት ናቸው። በእኛ መንደር ሰው ሰውን በጠመንጃ ገድሎ፣ ሽማግሌ ገብቶ፣ ጉማው፣ የደሙ ካሳ፣ ከተከፈለና ዕርቅ ከወረደ በኋላ ብረቱ ለገዳይም ለሟችም ወገን አይመለስም። ለሁለቱም ዘመድ ባልሆነ በሦስተኛ ቤት ግድግዳ ላይ ይሰቀላል። ከኋላ ተስቦ የሚወጣው፣ ጥይቱን የሚገፋው ብረት ደግሞ ይነቀልና ለሟች እናት ይሰጣል፤ እኛ ምላሱ እንለዋለን። እናቲቱ ምላሱን እስከያዘች፣ ሦስተኛው ቤት ብረቱን እስከሰቀለ ድረስ ነገሩ ያለቀ ነው። ሦስተኛው ቤት የአባቴ ቤት ነበር፤ እሱ ሲሞት የእኔ ሆነ። ከአራቱ የሦስቱ ወገኖች ተጋብተው ተዋልደዋል፣ ማን ማንን እንደገደለም ልጆቻቸው አያውቁም። አራተኛው ምንሽሩ ነው።

መሬት ላራሹ በታወጀ በዓመቱ ሙከሚል የሚባል ጎረቤታችን በእንሰት ድንበር ተጣልቶ ራምዚን በዚያ ምንሽር ገደለው። ራምዚ የእህቴ የሳሌሃ ልጅ ነው፤ እህቴ የምላት በዕድሜና በመንደር ነው እንጂ የሥጋ ዝምድና የለንም፤ ቢኖረን ብረቱን አልይዝም ነበር። ከዕርቁ ወዲህ በየዓመቱ በዐረፋ ማግስት ሳሌሃ ምላሱን በጨርቅ ጠቅልላ ወደ ቤቴ ትመጣለች። ብረቱ ግድግዳው ላይ መኖሩን በዓይኗ ታያለች፣ በእጇ ትነካለች፣ ምላሱን ከሥሩ ታስቀምጣለች፤ ከዚያ ከሙከሚል ጋር በአንድ የእንሰት ቅጠል ላይ ይበላሉ። በመጀመሪያው ዓመት ብረቱ ፊት ምላሱን ይዛ ቆማ ቀረች። ሙከሚል አንገቱን ደፍቶ ተቀምጧል፣ እኔም ይኸው ዛሬ ዕርቁ ፈረሰ ብዬ ነበር። ብዙ ቆይታ ዞር አለችና «ቆጮው ይቀዘቅዛል፣ ብሉ» አለች። ከዚያ ወዲህ ሃያ አምስት ዐረፋ በልተናል።

አሁን ወደ ምስጋናዬ ልግባ።

አንደኛ። በኅዳር ወር በገበያ ቀን መኪና ላይ ድምፅ ማጉያ ጭነው «መሣሪያ ያለው ያስመዝግብ፣ ተመዝግቦ ይመለስለታል» ብለው ስላስነገሩ አመሰግናለሁ። ማንም ሳይጠቁመኝ፣ ማንም ቤቴን ሳይፈትሸኝ፣ አሥራ አንዱንም አውርጄ፣ ብረቱን ወልውዬ፣ እንጨቱን ቅቤ ቀብቼ በጋሪ ጭኜ ይዤ መጣሁ። እንሴኖ ላይ ገበያተኛው ዳር ያዘ። አንዲት ቆጮ ሻጭ «ሽፋ፣ ጣልያን ተመልሶ መጣ እንዴ?» ብላ ጠየቀችኝ። «የለም፣ መንግሥት ጠርቶኝ ነው፤ ተመዝግቦ ይመለሳል» አልኳት። «እንግዲያው ቅቤህን አባከንክ» አለችኝ። በዚያን ቀን መንግሥትን አትናቂ ብዬ ተቆጥቻት ነበር፤ በዚህ ደብዳቤ በሕዝብ ፊት ይቅርታ እጠይቃታለሁ። በዚህ ደብዳቤ ይቅርታ የምጠይቀው እሷን ብቻ ነው።

ሁለተኛ። ጠመንጃዎቼ በቅቤ መወልወላቸውን አይተው «በሚገባ የተያዘ፣ ለአገልግሎት የተዘጋጀ» ብለው ስላስመዘገቡ አመሰግናለሁ። ቅቤ መቀባት የጦር ዝግጅት ከሆነ በዚህ አገር ከዐረፋና ከመስቀል ክትፎ የበለጠ የታጠቀ ኃይል የለምና እሱንም እንዲያስመዘግቡ በትሕትና አሳስባለሁ።

ሦስተኛ። ከእያንዳንዱ የደም ብረት ሰደፍ ላይ የቃጫ ገመድ ታስሮ ነበር። እርስዎ መዝገብ አለዎት፣ የእኔ መዝገብ ያ ገመድ ነው። በአንድ ጫፍ ያለው ወፍራም ቋጠሮ የሟች ወገን ነው፣ በሌላው ጫፍ ያለው የገዳይ ወገን ነው፣ በመካከላቸው ያሉት ትናንሾቹ አብረው የበሉባቸው ዓመታት ናቸው። በምንሽሩ ገመድ ላይ ሃያ አምስት ትናንሽ ቋጠሮ ነበር። ጸሐፊዎ «ይህ ቆሻሻ ምንድነው?» ብሎ የአራቱንም በመቀስ ቆርጦ ቅርጫት ውስጥ ጣለው፣ በምትኩም ቁጥር የተጻፈበት ወረቀት ለጠፈበት። ቅርጫቱን ገልብጬ ገመዶቼን ስሰበስብ እርስዎ ከወንበርዎ ሆነው «አባባ፣ ቢሮ አያቆሽሹ» አሉኝ። ስለ ንጽሕናዎ አመሰግናለሁ። ወረቀቶቹ ባለፈው ወር ተላቅቀው መሬት ላይ እንደወደቁ ሰምቻለሁ። ገመዶቼ ኪሴ ውስጥ አሉ።

አራተኛ። በደረሰኝ ላይ «ልዩ ልዩ አሮጌ ብረት፣ በቁጥር 11» ተብሎ ተጽፏል፣ መምህር ዮሴፍ ሦስት ጊዜ አነበበልኝ። በመዝገቡ ለአገልግሎት የተዘጋጀ መሣሪያ የሆነው በእጄ በተሰጠኝ ወረቀት አሮጌ ብረት ሆነ። አንድ ዕቃ ሲወስዱት ጦር፣ ሲጠየቁበት ጥራጊ የሚሆንበትን ጥበብ ስላሳዩኝ አመሰግናለሁ፤ በዚህ ዕድሜዬ መማሬን አላቆምኩም። በታኅሣሡ ስብሰባም ሕዝቡ የሥልጣኑ ባለቤት ነው፣ ጥያቄ ያለው ይጠይቅ ሲሉ እጄን አንሥቼ ነበር። እርስዎ ከጠዋት ጀምሮ ስለ ጥያቄያችን ሲናገሩ ስለዋሉ ለጥያቄያችን ጊዜ አልተረፈም።

አምስተኛ። ከሦስት ሳምንት በፊት ለሰባተኛ ጊዜ ደጅ ልጠና ስመጣ ከቢሮዎ በር ላይ ዘበኛው ብርሃኔ ምንሽሩን በትከሻው አንግቶ አገኘሁት። ሰደፉ የተሰነጠቀበት ቦታ ላይ እኔ በመዳብ ሽቦ ያሰርኩት ስለሆነ ከሩቅ ነው ያወቅኩት። ብርሃኔ ጥፋት የለበትም፤ ደግ ሰው ነው፣ የሰጡትን ካፖርት ይለብሳል፣ የሰጡትን ብረት ይሸከማል። ሌባ እንዲያስፈራራበት እንደተሰጠው ነገረኝና ድምፁን ዝቅ አድርጎ «አባባ፣ ይህ ነገር ይተኩሳል ወይ?» ብሎ ጠየቀኝ። «አንድ ጊዜ ተኩሷል፣ እሱ ይበቃል» አልኩት። የማንን ልጅ እንደገደለና ምላሱ በእናቱ እጅ እንዳለ ስነግረው ካፖርቱ ላይ እባብ የወጣበት ይመስል ከትከሻው አውርዶ ግድግዳ ላይ አስደገፈው። እርስዎ ግን በመስኮት አይተውትና ሰምተውን ኖሮ ተቆጡት፣ መልሶ አነገተው።

ስድስተኛ። ለእህቴ ለሳሌሃ ስለላኩላት የመጥሪያ ወረቀት አመሰግናለሁ ብል ምላሴ እምቢ ይለኛል፤ መምህር ዮሴፍም አልጽፍም ይለኛል። ወረቀቱን ሚሊሻ አመጣላት። እሷ ማንበብ ስለማትችል ወደ እኔ ይዛው መጣች፣ እኔም ስለማልችል ሁለታችን ወደ መምህር ዮሴፍ ይዘነው ሄድን፣ እሱም አነበበልን። «የመንግሥት ንብረት የሆነ የጦር መሣሪያ አካል ደብቀው ስለተገኙ በአስቸኳይ እንዲያስረክቡ» ይላል። አቶ ያረጋል፣ የደበቀችው ልጇን ከገደለው ብረት ላይ ተነቅሎ ሽማግሌ በሁለት እጁ የሰጣትን ምላስ ነው። ብረቱ ዘበኛዎ ትከሻ ላይ ዱላ ሆኖ ከሚቀር እንዲተኩስ ፈልገው ይሆናል። ሥራ ወዳድ መሆንዎን አደንቃለሁ። ግን አታስረክብም። የከለከልኳትም እኔ ነኝ፤ ይህንንም ማንም ሳያስገድደኝ በአደባባይ እየተናገርኩ ነው፣ ምስክር ማፈላለግ ሳያስፈልግዎ ይጻፉት። የሚታሰር ካለ ቤቴን ያውቁታል፤ ባያውቁት እንኳ ግድግዳው ባዶ የሆነ ቤት ብለው ቢጠይቁ ሁሉም ያሳይዎታል።

አሁን የሚያሳስበኝን ላስረዳዎ፤ የሚያሳስበኝ ጠመንጃዬ ብቻ መስሎዎት ከሆነ አላወቁኝም። ዐረፋ ሃያ አምስት ቀን ቀርቶታል። ለዐረፋ መርካቶ ያለው ሰው ሁሉ ወደ አገሩ ይመጣል፣ ከእነሱም ውስጥ የራምዚ የወንድሙ ልጆች አሉ። አጎታቸውን አያውቁትም፣ ታሪኩን ብቻ ነው የሚያውቁት፤ ሰውን ሳያውቅ ታሪኩን ብቻ የሚያውቅ ጎረምሳ ደግሞ ከሁሉ ይከፋል። የዕርቁ ቃል «ብረቱ ከተሰቀለበት ከወረደ ዕርቁም ፈርሷል» ይላል፤ እኔ ያወረድኩት ተመዝግቦ ይመለሳል ያሉትን አምኜ ነው። ሙከሚል ዛሬ የልጅ ልጅ ያየ ሽማግሌ ነው፤ ምንሽሩ መውረዱን ከሰማ ጀምሮ ማሳው ውስጥ ጀርባውን ለመንገድ ሰጥቶ አይሠራም። ይህን ሁሉ በሦስቱ ማመልከቻዎቼ አስጽፌልዎ ነበር። እርስዎ ያስቀመጡት ወረቀት አይደለም፣ የሁለት ቤተሰብ ደም ነው።

ሽማግሌዎች ባለፈው ጁምዓ ተቀምጠን ነገሩን አየነው። አንዳንዱ ወደ ዞን እንሂድ አለ። ወልቂጤ ሩቅ ነው፣ እዚያም ደረጃ አለ። አንዱ ሌላ ብረት ሰቅለን ሳሌሃን እንሸንግላት አለ፤ እሱን ከሽምግልናው አስወጣነው። በመጨረሻ የተናገረችው ራሷ ሳሌሃ ናት። ምርኩዟን መሬት ላይ ጠቅ አድርጋ «ብረቱ ከሽፋ ቤት ወጥቶ የት ተሰቀለ?» ብላ ጠየቀች። በወረዳው ቢሮ በር፣ ብርሃኔ ትከሻ ላይ አልናት። «እንግዲያው እዚያ እንበላለን» አለች።

ስለዚህ በክብር የማሳውቅዎ ይህን ነው። በዐረፋ ማግስት ጠዋት የሳሌሃ ወገንና የሙከሚል ወገን፣ ከመርካቶ የመጡትንም ጨምሮ፣ ወደ ቢሮዎ በር እንመጣለን። ሳሌሃን ደረጃዎን ደግፎ የሚያወጣት ሙከሚል ነው፤ ራሱ ለምኖ ያገኘው ነው። ቆጮውን፣ ሥጋውንና ቅጠሉን ይዘን እንመጣለን፣ ከእርስዎ ምንም አንፈልግም። ብርሃኔ ምንሽሩን አንግቶ ይቆማል፣ ሳሌሃ ታየዋለች፣ ትነካዋለች፣ ምላሱን ከእግሩ ሥር ታስቀምጣለች፣ እንበላለን። ኪሴ ውስጥ ያለውን ገመድ መልሼ ሰደፉ ላይ አስርና ሃያ ስድስተኛውን ቋጠሮ እቋጥራለሁ። ከዚያ ምላሱን ይዛ ትሄዳለች። በመጥሪያዎ መሠረት ሊወስዱት ከፈለጉ የሚወስዱት ያን ጊዜ ነው፤ ከፊታችን፣ ከእጇ ላይ፣ በራስዎ እጅ። ጸሐፊ እንዳይልኩ።

ይህን ካልፈለጉ መንገዱ አጭር ነው። አሥራ አንዱን ብረት በዚያው ጋሪ ጭነው ይላኩልኝ፤ ጋሪውን እኔ እልካለሁ። በወረቀት ከፈለጉ ይመዝግቧቸው፣ ቁጥር ይለጥፉባቸው፣ ከፈለጉም በየወሩ ሰው ልከው ይቁጠሩ፤ ቆጣሪውን ሳላበላ አልሰደውም። መጋዘን ውስጥ የትኛው የትኛው እንደሆነ ከጠፋብዎ ያስገቡኝ፣ ዓይኔን ጨፍኜ በእጄ እለይልዎታለሁ።

ሁለተኛውን መንገድ እንደማይመርጡ ግን ከልማድዎ አውቃለሁ። እንግዲህ በበር ላይ እንገናኝ።

ከሰላምታ ጋር፣ ከአክብሮት ጋር፣ በሰባት ቀጠሮ ከተማርኩት ትዕግሥት ጋር፣ እንዲሁም ለወንበርዎ ጽናት ከማደርገው ዱዓ ጋር፣

ሽፋ በረጋ
(የቀኝ አውራ ጣት አሻራ፤ ቀለሙ የደበዘዘው ጣቴ በሥራ ስላለቀ እንጂ እጄ ስለተንቀጠቀጠ አይደለም)

ግልባጭ፦
ለወፍጮ ቤቱ በር፣
ለዘበኛ ብርሃኔ፣ በዚያን ቀን ፈቃድ እንዳይወስድ፣
«ቅቤህን አባከንክ» ላለችኝ ቆጮ ሻጭ።

ጣቴን ካተምኩ በኋላ ትዝ ያለኝ፦ የደም ብረት በቤቱ የሚያኖር ሰው በመጀመሪያው ዓመት በሁለቱ ወገን ፊት ቆሞ መማል አለበት። ቃሉ አጭር ነው፤ «በቤቴ የሰው ሀቅ የለም፣ ቢኖር ይህ ብረት ይመስክርብኝ» ይባላል። አባቴ ማለ፣ እኔም ማልኩ፤ ዘንድሮ ብረቱ በእርስዎ ቤት ስለሆነ ተራው የእርስዎ ነው። በሹመትዎ እንኳን ደስ ያለዎ፣ ይህኛው ግምገማ የለበትም። አሥሩ ጠመንጃዎቼ መጋዘንዎ ውስጥ እንዳሉ ይህን መሐላ የሚምሉት እንዴት እንደሆነ እርስዎ ያስቡበት። ምንሽሩን ግን አይፍሩት፣ አይተኩስም። እኔ በእርስዎ ቦታ ብሆን የምፈራው ከቅጠሉ ወዲያ ማዶ ተቀምጣ የምትሰማኝን ሳሌሃን ነው።